የአያ ደምሌ ቤት ጭስ

ባለፈው ነሐሴ ሞጣ ላይ ከተማሪዬ ከሀብታሙ ጋር ቤት ለቤት እየዞርን ነበር። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ሰው የት እንደሚኖር፣ ቤቱን እንዴት እንዳገኘው፣ ሠፈሩን ምን ብሎ እንደሚጠራው እጠይቃለሁ፤ ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተመልሼ ስለ ቤት ፖሊሲ እጽፋለሁ፣ አስተምራለሁ። ዝናቡ ገና አባርቶ ነበርና ጭቃው ጫማችንን እየያዘ አስቸግሮናል። አንድ ቤት ደጃፍ ስንደርስ የዘጠኝ ዓመት ገደማ ልጅ በሩን ከፈተችልን። ከኋላዋ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ ተግተልትሎ ወጣና ዐይናችንን አስለቀሰን። ሀብታሙ ትልቅ ሰው እንዳለ ጠየቃት። የለም፤ እናቷ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ወደ እኔ ዞረና "ባዶ ብዬ ልለፈው?" አለኝ።

"መጠይቁን ተወው። ስሟን ብቻ ጠይቃትና ጠርዙ ላይ ጻፍ" አልኩት።

ሀብታሙ ግራ ገባው። አይፈረድበትም። ልጅ አይጠየቅም የሚለውን ሕግ ሦስት ጊዜ ያስጻፍኩት እኔው ነኝ፤ አንዱን ተማሪም በዚሁ ሰበብ ሙሉ ቀን የለፋበትን ወረቀት ጥዬበት እንደገና ልኬዋለሁ። ሕግ ላይ ደረቅ ናት እየተባልኩ እንደምታማም አውቃለሁ። ስሟን ጻፈ፤ ቀኑን ሙሉ ግን በጎን እያየኝ ዋለ። ያን ዕለት መልስ አልሰጠሁትም፤ መልሱ የሚጀምረው ቢቸና፣ ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ነውና ቆሞ የሚነገር አልነበረም።

የምንኖረው ከእህል ተራው በታች ነበር። በእኛና በአያ ደምሌ ቤት መካከል ጥቂት የጌሾ ተክልና ዶሮ የምታልፍበት ቀጭን መንገድ ብቻ ነው ያለው። አያ ደምሌ የእህል ሰፋሪ ነበሩ። ሚስታቸው እኔ ሳልወለድ ሞታለች፤ ልጅ አልነበራቸውም፤ ከሥጋ ዘመድ ሞጣ የምትኖር አንዲት የእህት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው። ገበያው ውስጥ ግን የማያውቃቸው የለም። ገዥና ሻጭ ባልተማመኑ ቁጥር "አያ ደምሌ ይስፈሩልን" ይባባላሉ።

ሲሰፍሩ ማየት እወድ ነበር። ጤፉን በሁለት እጃቸው እየሰበሰቡ ቁናውን ይሞሉታል። አይነቀንቁትም፣ አይጫኑትም። አፉ ላይ ሲደርስ በክንዳቸው ጠረግ ያደርጉታል። ከዚያ ሻጩ አንድ እፍኝ ዘግኖ ከላይ ይጨምራል፤ ይኸ ምራቂ ነው። ማንም አያስገድደውም፤ የማይጨምር ሻጭ ግን ስሙ በክፉ ይነሳል። ከዚያ የሚብሰው ነውር ደግሞ አንዴ የጨመሩትን ምራቂ መልሶ መዝገን ነው። አንድ ቀን አንድ ሻጭ ከገዥዋ ጋር ተጨቃጭቆ ተናደደና ያፈሰሰውን እፍኝ ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። አያ ደምሌ ምንም ሳይቆጡ ክንዳቸውን ቁናው ላይ አጋደሙ። "ምራቂ አንዴ ከፈሰሰ አይመለስም" አሉት። ሰውየው አፈረና እጁን ሰበሰበ።

በዚያ ዓመት፣ መስቀል እንዳለፈ፣ አያ ደምሌ ሆዳቸውን ታመሙ። መጀመሪያ ፌጦ ጠጡ፣ ቀጥሎ ጠበል ሄዱ፤ አልሻል ሲላቸው የእህታቸው ልጅ መጥታ ሞጣ ሆስፒታል ልትወስዳቸው ሆነ። ወደ መናኸሪያ ሲሄዱ በእኛ ደጅ አለፉና ቁልፋቸውን ለእናቴ ሰጧት። "በላይነሽ፣ ቤቴን አደራ" አሏት። እማዬ ቁልፉን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ አደራ የተባለች ሴት ደግሞ እንቅልፍ የላትም።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የከተማው ቤት ሁሉ ሊመዘገብ ነው የሚል ወሬ መጣ። እየለኩ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ይጽፋሉ ተባለ። እስከዚህ ድረስ ወሬው እውነት ነበር። የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ግን ጄሪካን በተጎተተ ቁጥር ወሬውም ይረዝም ጀመር። ሰው የሌለበት ቤት ባዶ ተብሎ ይጻፋል፤ ባዶ የተባለ ቤት ለሌላ ይሰጣል። ማን እንዳለው የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም ከፊቱ ከተሰለፈው ነው የሰማው። አያ ደምሌ ደግሞ ካርታ የሚባል ነገር የላቸውም። ቦታውን ድሮ ሽማግሎች በእጃቸው እየጠቆሙ ነበር የሰጧቸው።

እማዬ አንድ ቀን ስታወጣ ስታወርድ ዋለችና ቆረጠች። ጭስ የሚወጣበትን ቤት ባዶ ነው የሚል ሰው የለም። አባቴ ደብረ ወርቅ ያስተምር ስለነበር የሚመጣው በሳምንት አንዴ ነው፤ እማዬ ደግሞ ልብስ ስትሰፋ ትውላለች። ትምህርቴ በጠዋት ፈረቃ ነበርና ሥራው ለእኔ ሆነ። ከትምህርት ቤት ስመለስ የአያ ደምሌን ቤት ከፍቼ፣ ደጁን ጠርጌ፣ እሳት አንድጄ፣ እስኪመሽ እዚያው ደብተሬን እየጻፍኩ እቀመጣለሁ።

"አያ ደምሌ የት ሄዱ ካሉሽ ገበያ ሄደዋል በይ" አለችኝ። "ሞጣ የምትል ቃል ካፍሽ እንዳትወጣ፣ አንች ልጅ።"

ቤቱ የእህል አቧራ ይሸታል። በሩን ስከፍት የብርሃኑ ጨረር ውስጥ የጤፍ ብናኝ ሲዋኝ ይታየኛል። አልጋቸው ላይ ቁርበታቸው ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ከምድጃው በላይ ቁናው ተሰቅሏል። በደረቅ ጭራሮ እጀምርና እሳቱ ሲይዝ እርጥብ ቅጠል እጭንበታለሁ፤ እማዬ የፈለገችው እሳቱን ሳይሆን ጭሱን ነውና። ጭሱ መጀመሪያ ቤቱን ይሞላል፤ ቀጥሎ በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል። ዐይኔ እንባ እያፈሰሰ፣ አፍንጫዬን በቀሚሴ ይዤ፣ ማባዛት እሠራ ነበር። እስከ ዛሬ ሰባት ጊዜ ስምንት ሲባል ጭስ ጭስ ይለኛል።

መዝጋቢዎቹ ቢሯቸው ቁጭ ብለው በመስኮት የየቤቱን ጭስ የሚቆጥሩ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ጭሱ ከሌላው ቤት ጭስ በልጦ እንዲታይ እታገላለሁ። ሌላም ነገር በራሴ ላይ አመጣሁ። እማዬ ማታ ማታ ከልብስ ስፌቷ ቀና ትልና ጣሪያውን አይታ "እሰይ፣ አያ ደምሌ አሉ" ትላለች። ቤቱ ሰው ያለበት መሰለ ማለቷ ነው። እኔ ግን ጭሱ እስከወጣ ድረስ አያ ደምሌ በሕይወት አሉ ማለት መሰለኝ፤ ከቆመስ? እሱን ማሰብ ፈራሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ስምንት ዓመት ተኩል ዕድሜዬ ላይ የአንድ ሰው ትንፋሽ በእጄ እንደያዝኩ አምኜ ነበር የምውለው።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ቀረሁ። ከትምህርት ቤት ስንወጣ ልጆቹ መሬቱ ላይ መስመር አስምረው ሰኞ ማክሰኞ ይጫወቱ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብዬ ገባሁ። ተረታሁ፣ ደገምኩ፣ አሸነፍኩ፣ እንደገና ደገምኩ። ወዲያው ዶፍ ወረደ። ስደርስ ቅጠሉ ውሃ ጠጥቷል፣ ጭራሮውን ከደጅ ትቼው ነበርና እሱም ርሷል፣ ክብሪቱ በኪሴ ውስጥ ሟሙቷል። አንዱን የክብሪት እንጨት ስጭር ጫፉ ወደቀ፤ ሌላውም እንዲሁ። ዝናቡ እስኪመሽ ስላላባራ እማዬም ጣሪያውን ቀና ብላ አላየችም። ያለ ጭስ መሸ።

ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። እማዬ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ትዳብሳለች። ከሞጣ አውቶቡስ በመጣ ቁጥር መናኸሪያው ጥግ ሄጄ ቆሜ ነጭ ለብሶ የሚያለቅስ ሰው እንዳለ አያለሁ። በአራተኛው ቀን ረዳቱ ከበሩ ላይ ሆኖ "የአያ ደምሌ ጎረቤቶች የት ናችሁ?" ሲል በሰው መካከል ተሹለክልኬ ፊቱ ቆምኩ። ኦፕራሲዮን ሆነዋል፤ ደህና ናቸው፤ አጥሚትም ጠጥተዋል። መቼ ነው ኦፕራሲዮን የሆኑት ብዬ ጠየቅኩት። ማክሰኞ አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ መናገር አልችልም። ሳላነድ ቀርቼ እንኳ አልሞቱም። እየሮጥኩ ሄጄ ያን የመሰለ እሳት አነደድኩ፤ ጭሱ ሠፈሩን አጨለመውና ሦስት ሴቶች ቤት ተቃጠለ ብለው ውሃ ተሸክመው መጡ። እማዬ ተቆጣችኝ። እኔ ግን ያን ማታ ሁለት እንጀራ በላሁ።

መዝጋቢዎቹ የመጡት ጤፍ በሚታጨድበት ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ሁለቱ ሜትር ይዘው ግድግዳውን ሲለኩ፣ ጸሐፊው ወረቀቱን ታቅፎ ወደ ውስጥ ገባ። ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ለግላጋ ወጣት ነበር፤ ጭሱ አስነጠሰው። ዙሪያውን አየና እዚህ ቤት ማን እንደሚኖር ጠየቀኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ግን ሐሙስ የገበያ ቀን አይደለም፤ ይኼ አንድ። ደግሞ ቁናው ከግድግዳው ላይ አፉን ወደ እኔ አዙሮ ተሰቅሏል። በዚያ ቁና ፊት መዋሸት አልቻልኩም። ሞጣ እንዳልል ደግሞ እማዬ ከልክላኛለች።

"እኔ" አልኩት።

"ብቻሽን?"

"እሳት የማነደው እኔ ነኝ።"

ምድጃውን አየ፤ ደብተሬን አየ፤ ቅጠሉን አየ። ስሜን ጠየቀኝ፤ የዝና አልኩት። የአባቴንም ጠየቀኝና ጻፈ። ሲወጡ በሩ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ጻፉበት። ቀለሙ ጋዝ ጋዝ ይሸት ነበር።

እማዬ ያልኩትን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች። "ወይ ጉዴ፣ የሰው ቤት በስምሽ አስጻፍሽ?" አለችኝ። በማግሥቱ ወሬው ቦኖው ጋ ደረሰ። ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር "ባለቤቷ መጣች፣ አሳልፏት" እያሉ ጄሪካኔን ያስቀድሙልኛል። ቀልዳቸው ነበር፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። አያ ደምሌ በሽታውን አልፈው ሲመጡ የገዛ በራቸውን አንኳኩተው ከእኔ ፈቃድ ሲጠይቁ ይታየኝ ነበር። ቁጥሩን ላጠፋው ብዬ በአመድና በገለባ ፈተግኩት። የተላጠው የጣቴ ቆዳ ብቻ ነው። ቢሮ ሄዶ ለማስተካከል ደግሞ ማንም አልደፈረም፤ አንዱን ውሸት ለማቅናት ሌላው ይወጣልና። እማዬ አያ ደምሌን ምን ብዬ ነው የማያቸው እያለች በመርፌዋ ጣቷን ትወጋ ነበር።

አያ ደምሌ ኅዳር ላይ መጡ። ከአውቶቡሱ በምርኩዝ ሲወርዱ ኮታቸው ሰፍቷቸው ነበር። እኔ ጌሾው ውስጥ ተደበቅኩ። እማዬ ቤታቸው አስገብታ፣ ሾርባቸውን አጠጥታ፣ ሁሉንም ከመጀመሪያው ነገረቻቸው፤ ድምፅዋ እየተቆራረጠ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ አያ ደምሌ ጠሩኝ። ገባሁና ከምርኩዛቸው ላይ ዐይኔን ሳላነሳ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደመለስኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ገበያ ሄደዋል በይ ተብለሽ አልነበረም ወይ አሉኝ። ቁናው እያየኝ ነበር አልኳቸው። ቁናውን ቀና ብለው አዩና ነገ ጠዋት መዝጋቢዎቹ ቢሮ አብረን እንሄዳለን ብለው አሰናበቱኝ።

እማዬ መንገዱን ሙሉ ለመነቻቸው። ሞጣ ነበርኩ አይበሉ፤ ያን ቀን ብቻ አልነበርኩም ይበሉ፤ ቤትዎን ይነጥቁዎታል። እሳቸው በሦስት እርምጃ አንዴ እያረፉ ይሄዳሉ። ቢሮው ደጅ ስንደርስ ቆሙ።

"በላይነሽ፣ አደራዬን ጠብቀሻል፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን በዚህ ዕድሜዬ ጎደሎውን ቁና ሞላ ማለት አልጀምርም" አሏት።

ጸሐፊው ወንበር ሰጣቸው። አልተቀመጡም። "ልጄ፣ ልትመዘግቡ ስትመጡ እኔ አልነበርኩም" አሉት። "ሞጣ ታምሜ ተኝቼ ነበር። ጎረቤቶቼ እኔን ብለው እሳት ያነዱልኝ ነበር። ቤቱ ባዶ ነበርና ባዶ ብለህ ጻፈው።"

እማዬ ዐይኗን ጨፈነች። እኔ ቀሚሷን ያዝኩ።

ጸሐፊው አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ እኛን አየ። "አባቴ፣ የታመመ ሰው ቤት ባዶ ይባላል ያለዎት ማነው?" አላቸው።

አያ ደምሌ ወደ እማዬ ዞሩ። እማዬ ወደ ጣሪያው አየች። ከቦኖ ውሃ ወረፋ ሰማሁ ማለት አልቻለችማ።

ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ወደ እኛ አዞረው። ከመለካታቸው በፊት የየሠፈሩን ሽማግሎች ጠይቀው ነበር። ባለይዞታ በሚለው ሥር የአያ ደምሌ ስም ከነአባታቸው ጥርት ብሎ ተጽፏል። ራቅ ብሎ፣ በዕለቱ ቤት የተገኘ በሚለው ሥር፣ የዝና ይላል። አለቀ። ባዶ ብሎ ለሌላ መስጠት የሚባል ነገር ወሬው ላይ እንጂ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

እማዬ ለአያ ደምሌ የቀረበው ወንበር ላይ ቁጭ አለችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። አያ ደምሌም ስፌታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ እያመማቸው ሳቁ። እኔ ስንት ሸክም ቅጠል እንደለቀምኩ አሰብኩ፤ ያንን ሁሉ ጭስ ለምንም ነው የበላሁት። አልቆጨኝም። የሰው ቤት አልወሰድኩም፤ ከዚያ ሌላ የምፈልገው አልነበረም።

ጸሐፊው ግን ማስመሪያውን አነሳ። ይቺ ለካ እዚያ ቤት የምትኖር አይደለችም፤ ደግሞ ልጅ ናት፤ ትሰረዝ አለና ብዕሩን ስሜ ላይ አስጠጋ። አያ ደምሌ ምርኩዛቸውን ለእማዬ ሰጡና ክንዳቸውን መዝገቡ ላይ አጋደሙ። ያን ክንድ አውቀዋለሁ።

"ተው ልጄ" አሉት። "ቤቱ ሞልቶ ተሰፍሯል። እሷ ከላይ የተጨመረች ምራቂ ናት። ምራቂ አንዴ ከፈሰሰ አይመለስም።"

ለአገራችን እንግዳ ነበርና ምራቂ ምን እንደሆነ የገባው አይመስለኝም። ክንዱ ግን ገባው። ማስመሪያውን አስቀመጠ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ እግሬ እንደለመደው ወደ ቅጠሉ ክምር ወሰደኝ። አንድ እቅፍ አነሳሁና ቀና ስል፣ በአያ ደምሌ ግድግዳና ቆርቆሮ መካከል ጭስ ይወጣል። ቀጭን ነው፤ ደረቅ እንጨት የሚያጨሰው ዓይነት፤ እኔ ያላነደድኩት። ከውስጥ ጉሮሯቸውን ሲያጸዱ ተሰማኝ። ቅጠሉን መልሼ ጣልኩት፣ ደብተሬን ደጃችን ላይ ወረወርኩና ሰኞ ማክሰኞ ልጫወት ሮጥኩ።